የኮምፒዩተር መልእክትን ለጀማሪ ስለ ማስተማር
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ ከሩቅ ሲያዩት ትንሽ፥ ሲገቡበት ግን ሰፊ የሆነ ነገር ነው። ይኸውም በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ መልእክት መላላክን ፈጽሞ ለማያውቅ ሰው እንዴት አድርጎ ማስተማር ይገባል የሚለው ነው። ከመካከላችሁ «ይህማ ዛሬ ሕፃን የሚያውቀው ነገር አይደለምን?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ሕፃን ያውቀዋል። ችግሩም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ሕፃን የሚያውቀውን ነገር ሠላሳ ዓመት መንግሥትን ያገለገለ ሰው «አላውቅም» ብሎ ለመጠየቅ ያፍራል፤ ስላፈረም ሳይማር ይቀራል፤ ሳይማር ስለ ቀረም ደብዳቤውን ሌላ ሰው ይጽፍለታል፥ ሌላ ሰው ያነብለታል፥ የመልእክት ሣጥኑንም ቁልፍ ሌላ ሰው ይይዝለታል። የአንዱ ደብዳቤ በሌላው እጅ ሲያድር ምን ሊመጣ እንደሚችል ለመንግሥት ሠራተኛ መንገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከሥራ ሰዓት በኋላ ለሠራተኞች የኮምፒዩተር ትምህርት እንድሰጥ ተጠይቄ ነበር። በመጀመሪያው ምሽት ዐሥራ አራት ሰዎች መጡ። አብዛኞቹ ዕድሜአቸው ከአምሳ ያለፈ፥ ጡረታቸው የቀረበ፥ በሥራቸውም የተመሰገኑ ነበሩ። እኔም መምህርነቴን ለማሳየት ቸኵዬ ስለ ነበር፥ ኮምፒዩተር ምን ምን ክፍሎች እንዳሉት፥ የሚይዘው ነገር በምን እንደሚለካ፥ ፕሮግራም ማለትም ምን እንደ ሆነ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገርሁ። እነርሱም በትሕትና አዳመጡኝ፤ አንዳንዶቹም በደብተር ጻፉ። በሁለተኛው ሳምንት ግን የመጡት ስድስት ብቻ ሆኑ።

ከስድስቱ አንዲቱ በመዝገብ ቤት ብዙ ዘመን የሠሩ ወይዘሮ ነበሩ። ትምህርቱ ሲያልቅ ቀረብ ብለው፥ «ልጄ፥ አትቀየመኝ። የመኪናውን ሞተር በደንብ አድርገህ አስተማርኸን። እኔ ግን የምፈልገው መሄድ ነው፤ የምሄደውም ልጄ ዘንድ ነው» አሉኝ። ልጃቸው ቤሩት ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። የምትልከውን ጽሑፍ እየከፈተ የሚያነብላቸው፥ መልሱንም የሚጽፍላቸው የጎረቤት ልጅ ነበር። ልጅቱም ይህን ስለምታውቅ ስለ ጤናዋም ሆነ ስለ አሠሪዎቿ እውነቱን አትጽፍም፤ «ደኅና ነኝ፥ አታስቡ» ብቻ ትላለች። እናትየውም በበኩላቸው የሚያሳስባቸውን ነገር በሰው እጅ አስጽፈው ሊጠይቋት አይደፍሩም። የባሕሩን ርቀት ስልኩ አጥፍቶላቸው ሳለ፥ እነሆ በእናትና በልጅ መካከል የጎረቤት ልጅ ተቀምጦ ቀረ። ልጁ ጨዋ ነው፤ የሚነቀፍበት የለም። ነገሩ ግን ይኸው ነው።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ የማስተምርበትን መንገድ ለወጥሁ። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረብሁ፦ «ለማን መጻፍ ይፈልጋሉ? ስለ ምንስ ጉዳይ?» አንዱ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ላለው ልጁ፥ ሌላዋ አሜሪካ ላለች እኅቷ፥ አንድ የሒሳብ ክፍል ሰው ደግሞ በየሳምንቱ ሪፖርት ለሚልክለት ቅርንጫፍ መጻፍ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ጀማሪ የሚጽፍለት ሰውና የሚጽፈው ጉዳይ ካለው ስሕተቱን ይታገሣል፤ የሚጽፈው መምህሩን ለማስደሰት ብቻ ከሆነ ግን በሁለተኛው ስሕተት ይሰለቻል። «ይህ የመለማመጃ ደብዳቤ ነው» እየተባለ የሚጻፍ ነገር ከንቱ ድካም መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ስለ እጅም ጥቂት ልናገር። ማውስ የሚባለው መሣሪያ ለለመደው ሰው የእጁ ክፍል ያህል ነው፤ ለጀማሪ ግን እጁ በጠረጴዛው ላይ ወደ ፊት ሲሄድ ዓይኑ በስክሪኑ ላይ ወደ ላይ የሚሄድ ቀስት እንዲከተል የሚጠይቅ እንግዳ ሥራ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ቶሎ ቶሎ ሁለት ጊዜ መጫን ነው። በሁለቱ ጭነቶች መካከል እጅ ጥቂት ከተንቀሳቀሰ ሰነዱ በመከፈት ፈንታ ከቦታው ተጎትቶ ሌላ ዘንድ ይገባል፤ ሰውየውም «አጠፋሁት!» ብሎ ይደነግጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። አንድ ጊዜ ተጭኖ ከዚያ በኪቦርዱ ላይ ኤንተር የሚለውን መምታት ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ የሁለት ጊዜ ጭነቱንም ፍጥነት በኮምፒዩተሩ ማስተካከያ ውስጥ ዝግ ማድረግ ይቻላል። ይህን ለጀማሪ የማይነግር መምህር ግን ብዙ ነው፤ እኔም አንዱ ነበርሁ።

የመምህር ትልቁ ጥፋት ደግሞ የተማሪውን ማውስ መንጠቅ ነው። ተማሪው ሲዘገይ መምህሩ ትዕግሥቱ ያልቅና «ይኸው እንዲህ ነው» ብሎ በሦስት ሰኮንድ ሠርቶ ያሳያል። ተማሪው ያየው ነገር ቢኖር የመምህሩን ቅልጥፍና ነው፤ የተማረው ነገር ግን የለም። እኔ በዚህ ጠባዬ ስለማልታመን፥ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ሳስተምር እጆቼን ከኋላዬ አጣምሬ መቆም ልማድ አደረግሁ። ተማሪዎቼም ይህን አይተው «የኔታ መሰልህ፤ አለንጋው ብቻ ቀረህ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። ኢሜይል የሚባለው የኮምፒዩተር ደብዳቤ ለመንግሥት ሠራተኛ ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንግዳ የሚመስለው በእንግሊዝኛ ቃል ተሸፍኖ ስለሚቀርብ ነው። የኢሜይሉን ቅጽ ስንከፍት በመጀመሪያ የምናገኘው ባዶ መሥመር የተቀባዩ አድራሻ ነው፤ ይህ በደብዳቤአችን ራስጌ «ለ» ብለን የምንጽፈው ነው። ከእርሱ በታች ያለው መሥመር «ግልባጭ» ነው። ቀጥሎ ያለው «ጉዳዩ» ነው። ከደብዳቤው ጋር የሚያያዘው ሰነድ «አባሪ» ነው። ተጽፎ ያልተላከው «ረቂቅ» ነው። ቀኑንና ሰዓቱን ራሱ ይጽፋል፤ የወጪና የገቢ መዝገቡንም ራሱ ይይዛል። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከአንድ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጎን ለጎን ጽፌ ባሳየሁ ጊዜ፥ እኒያ የመዝገብ ቤቱ ወይዘሮ ሣቅ ብለው፥ «እንግዲያስ ይህን ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼዋለሁ» አሉ። በዚያ ምሽት ከሁሉ ቀድመው ኢሜይላቸውን የላኩ እርሳቸው ናቸው።

የግልባጩ መሥመር በእንግሊዝኛ በሁለት ፊደላት ምሕፃረ ቃል ይጻፋል፤ ትርጓሜውም የካርቦን ግልባጭ ማለት ነው። በጽሕፈት መኪና ዘመን የሠሩ ሰዎች በሁለት ወረቀት መካከል የሚገባውን ጥቍር ካርቦን፥ ጣትንም እንዴት ያቆሽሽ እንደ ነበር ያስታውሳሉ። ካርቦኑ ከየቢሮው ቢወጣም ስሙ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ቀርቶአል። ከእርሱ አጠገብ ስዉር ግልባጭ የሚባል መሥመር አለ፤ በዚህ የተጻፈ ሰው ደብዳቤው ሲደርሰው፥ ሌሎቹ ተቀባዮች ለእርሱም መላኩን አያውቁም። ብዙ ሰዎች ለማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ማስታወቂያ ሲላክ የአንዱን አድራሻ ለሌላው ላለመግለጥ ይጠቅማል። በባልደረባ ላይ ለአለቃ ነገር ለማቀበልም ሊያገለግል ይችላል፤ ለዚያ ግን ትምህርት አልሰጥም።

አድራሻውን ደግሞ እንዲህ አድርጎ ማስረዳት ይቻላል። በአገራችን ፖስታ ቤት ከተቋቋመበት ከዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ ማለትም ከ1886 ዓ.ም. ወዲህ ብዙው ሕዝብ የለመደው ፖስተኛ በር እያንኳኳ የሚያመጣለትን ደብዳቤ ሳይሆን፥ በፖስታ ሣጥን ቁጥር የሚቀበለውን ነው። ኢሜይልም እንዲሁ ነው። አድራሻው በመካከሉ «አት» የተባለ ምልክት አለው፤ ከምልክቱ በፊት ያለው የሣጥኑ ባለቤት ስም ነው፥ ከምልክቱ በኋላ ያለው ደግሞ ሣጥኑ የሚገኝበት ፖስታ ቤት ነው። የይለፍ ቃል የሚባለው የሣጥኑ ቁልፍ ነው። በአድራሻው ውስጥ አንዲት ነጥብ ወይም አንዲት ፊደል ብትሳሳት ደብዳቤው ይመለሳል፤ ከዚህ የከፋው ደግሞ የሌላ ሰው ሣጥን ውስጥ መግባቱ ነው። ደግ ፖስተኛ ስሙን አይቶ «ይህ የእገሌ ነው» ብሎ እንደሚያደርሰው ያለ ነገር በኮምፒዩተር ዘንድ የለም።

ይህችን «አት» የምትባል ምልክት ለዚህ አገልግሎት የመረጣት ሬይ ቶምሊንሰን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ፥ አርፓኔት በተባለው የኮምፒዩተሮች መሥመር ላይ፥ ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ደብዳቤ የሚያደርስ ፕሮግራም ሠራ። ሁለቱ ኮምፒዩተሮች በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ነበሩ፤ በመካከላቸው ያለው ግንኙነት ግን በመሥመሩ በኩል ነበር። የሰውን ስም ከኮምፒዩተሩ ስም የሚለይለት፥ በሰው ስም ውስጥም የማይገኝ ምልክት ሲፈልግ ይህችን በኪቦርዱ ላይ አገኛት። በዚያ ቀን የላከው የሙከራ መልእክት ምን እንደ ነበር ኋላ ሲጠየቅ ራሱም አላስታወሰውም። እኔ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ለዚሁ ነው፤ የመጀመሪያው ኢሜይል እንኳ ዋጋ የሌለው ጽሑፍ ከነበረ፥ የእነርሱ የመጀመሪያ ኢሜይል ፊደል ቢጎድለው ምን ነውር አለበት?

በአገራችን ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን በአዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ፓዲስኔት በተባለ መሥመር የኮምፒዩተር ደብዳቤ ያስተላልፍ ነበር። ያን ጊዜ ደብዳቤው እንደ ተጻፈ ወዲያው አይሄድም፤ ይጠራቀምና በተወሰነ ሰዓት በስልክ ተደውሎ በአንድነት ይላካል፥ የመጣውም በአንድነት ይወሰዳል። በአውቶቡስ ጣቢያ ሰው እስኪሞላ እንደ መጠበቅ ነው። ዛሬ ደብዳቤው ከላኪው ፖስታ ቤት ወደ ተቀባዩ ፖስታ ቤት በሰኮንዶች ውስጥ ይደርሳል፤ ሆኖም ዛሬም ቢሆን መብራት ቢጠፋ ወይም መሥመሩ ቢቋረጥ ያልተላከው ደብዳቤ በወጪ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ መሥመሩን ይጠብቃል። ጀማሪ ይህን ካልተነገረው መሥመር ሲቋረጥ ያንኑ ደብዳቤ አምስት ጊዜ ይጽፋል፤ መሥመሩ ሲመለስም አምስቱም ይሄዳሉ።

መልስ ስለ መስጠትም አንድ ጥንቃቄ አለ። ኢሜይል ሲመጣ መልስ የሚሰጥባቸው ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ ለጻፈው ሰው ብቻ ይመልሳል፥ ሁለተኛው ደብዳቤው ለደረሳቸው ሁሉ ይመልሳል። አንድ የማውቃቸው የክፍል ኃላፊ የስብሰባ ጥሪ ደርሶአቸው ለባልንጀራቸው ብቻ የጻፉ መስሎአቸው፥ «ይህ ሰውዬ ደግሞ ዛሬም ሊያስተኛን ነው» ብለው መለሱ። መልሱ ለዐርባ ሁለት ሰዎች ደረሰ፤ ከዐርባ ሁለቱ አንዱ ስብሰባውን የጠራው ሰው ነበር። ሰውየው አዋቂ ስለ ነበሩ በስብሰባው ላይ ንግግራቸውን ባጭሩ ዘጉ ይባላል። እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደርስ፥ መልሱን ጽፈው ከመላካቸው በፊት ወደ ላይ ተመልክተው «ለ» የሚለውን መሥመር እንዲያነብቡ ተማሪዎቼን አስለምዳለሁ፤ ፊርማ ከመፈረም በፊት ራስጌውን እንደ ማንበብ ነው። ጂሜይል የሚባለውን የሚጠቀም ሰው ደግሞ ማስተካከያውን ካበጀ እስከ 30 ሰኮንድ ድረስ የላከውን መልሶ ሊይዝ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ከአፍ የወጣ ቃል ነው።

አሁን ወደ ፊደላችን ልምጣ፤ ብዙ ሰው በሩ ላይ የሚቆመው እዚህ ነውና። የኮምፒዩተር ኪቦርድ የላቲን ፊደላት ተጽፈውበት ሲያይ «እንግሊዝኛ ስለማላውቅ አልችልም» ብሎ የሚመለስ አለ። ነገር ግን በተለመዱት የአማርኛ መጻፊያዎች እንደ ፕሮግራሙ ጥቂት ቢለያይም አሠራሩ በድምፅ ነው። «ል» ለመጻፍ የላቲኑን ኤል ብቻ መምታት ይበቃል፤ ከእርሱ ቀጥሎ «ኡ» የሚል ድምፅ ያለውን ብንመታ «ሉ»፥ «ኢ» የሚለውን ብንመታ «ሊ»፥ «ኦ» የሚለውን ብንመታ «ሎ» ይሆናል። ፊደል የቆጠረ ሰው ግእዝ፥ ካዕብ፥ ሣልስ ብሎ የለመደው ነው፤ ኮምፒዩተሩ ከሳድሱ ይነሣል እንጂ ሌላ ልዩነት የለውም። በእጅ ስልክ ላይ ደግሞ ከዚህም ይቀላል፤ የአማርኛውን ኪቦርድ ከማስተካከያው ጨምሮ ፊደሉን ራሱን እያዩ መንካት ይቻላል። እኔ ያስተማርኋቸው ሰዎች ሰባቱን ቤት በድምፅ መጻፍ የቻሉት በሦስት ምሽት ነው፤ «ሟ»ንና «ጓ»ን ለማግኘት ግን ከሳምንት በላይ ፈጀባቸው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ የቆየ መሰናክል አለ። ቀደም ብለው የወጡት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ፊደላችንን በየራሳቸው ቁጥር ይመዘግቡት ነበር። ስለዚህ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያው ፕሮግራም በሌለው ኮምፒዩተር ሲከፈት አማርኛው ጠፍቶ የላቲን ፊደላትና ልዩ ልዩ ምልክቶች የተዘባረቁበት ይሆናል። ላኪው «በአማርኛ ጽፌ ላክሁ» ይላል፤ ተቀባዩ «የማይነበብ ነገር ላከብኝ» ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. በወጣው ሦስተኛ እትሙ ፊደላችንን ተቀብሎ ለእያንዳንዱ የማይለወጥ ቁጥር ሰጠው፤ ለምሳሌ «ሀ» 4608፥ «ሁ» 4609፥ «ለ» 4616 ናቸው። በዚህ መዝገብ የተጻፈ ደብዳቤ በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን ያው አማርኛ ሆኖ ይነበባል። ሆኖም በየመሥሪያ ቤቱ በአሮጌው ዓይነት የተጻፉ ሰነዶች በማኅደር ውስጥ ይገኛሉ። አባሪ ሆነው ሲላኩ ተዘባርቀው የሚታዩት በኮምፒዩተር በሽታ ምክንያት እንዳልሆነ ተማሪው ይወቅ፤ ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ ሊለወጥለት ይችላል፥ አስቸኳይ ከሆነም የማይለወጥ ሥዕል አድርጎ መላክ ይበቃል።

ቴሌግራምና ዋትስአፕ የሚባሉት የእጅ ስልክ መልእክቶች ከኢሜይል የሚለዩት፥ ኢሜይል እንደ ደብዳቤ ሲሆን እነርሱ እንደ ጨዋታ በመሆናቸው ነው። «ጉዳዩ» የሚል መሥመር የላቸውም። በእነዚህ ዘንድ ለጀማሪ ከሁሉ የሚያስፈልገው በመልእክቱ ጥግ የምትታየውን ትንሽ ምልክት ማንበብ ነው። በቴሌግራም ሰዓት የምትመስል ምልክት ካለች መልእክቱ ገና አልወጣም፤ አንድ ጭረት ማለት ወጥቶ በድርጅቱ ኮምፒዩተር ደርሶአል፤ ሁለት ጭረት ማለት ተቀባዩ ከፍቶታል። በዋትስአፕ ግን ሁለት ጭረት ማለት ለተቀባዩ ስልክ ደርሶአል ማለት ብቻ ነው፤ ጭረቶቹ ሰማያዊ ሲሆኑ ተነቦአል። ይህች ጥቃቅን ልዩነት ስንት ቅያሜ እንዳመጣች ብነግራችሁ አታምኑኝም። አንዲት እናት በዋትስአፕ ሁለቱን ጭረት አይታ «አንብቦ ዝም አለኝ» ብላ ልጇን ተቀይማ ነበር፤ ልጁ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ተኝቶ ነበር።

ስለ ምሥጢርም ማወቅ የሚገባ አለ። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መልእክቶችን ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነብባቸው አድርጎ ቆልፎ ያስተላልፋል። በቴሌግራም ዘንድ ተራው መልእክት እንዲህ አይቆለፍም፤ ምሥጢራዊ ጭውውት የሚባለውን ለይቶ የከፈተ ሰው ብቻ ይህን ያገኛል። የመሥሪያ ቤት ጉዳይ በእነዚህ መንገዶች መላኩ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ራሱን የቻለ ንግግር የሚሻ ስለ ሆነ ዛሬ አልገባበትም።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ወስዶ ማስተማር የሚገባው ግን ስለ ቁልፉ ነው። አንድ በጡረታ የሚኖሩ ወዳጄ አንድ ቀን ከሚያውቁት ሰው ስም መልእክት ደረሳቸው። «ጋሼ፥ እንደምን ሰነበቱ? በስሕተት ወደ እርስዎ ስልክ የተላከ ቁጥር አለ፤ እባክዎ ይላኩልኝ» ይላል። እውነትም ወዲያው አምስት አኃዝ ያለው ቁጥር በስልካቸው መጣ። እርሳቸውም ሰው ማስቸገር የማይወዱ ሰው ስለ ሆኑ ላኩ። ቁጥሩ የራሳቸው መልእክት ሣጥን በሌላ ስልክ እንዲከፈት የሚፈቅድ ቁልፍ ነበር። የጻፈላቸውም ወዳጃቸው አልነበረም፤ የወዳጃቸውን ሣጥን ቀደም ብሎ በዚሁ ዘዴ የወሰደ ሌባ ነበር። አንድ ሰዓት ሳይሞላ በእርሳቸው ስም ለዘመድ ሁሉ «በድንገት ታምሜ ሆስፒታል ገብቻለሁና ገንዘብ ላኩልኝ» የሚል ጽሑፍ ተላከ። ሁለት ዘመዶቻቸው ላኩ። ከሁለቱ አንዷ በወር ደመወዝ የምትተዳደር የእኅታቸው ልጅ ነበረች። ሽማግሌው የጠፋውን ገንዘብ ከጡረታቸው እየከፈሉ ጨረሱ፤ ስልኩን ግን ከዚያ በኋላ ለጥሪ ብቻ ነው የሚይዙት።

ይህ ዓይነት ሌባ የሚሠራው በኮምፒዩተር ዕውቀት ሳይሆን በጨዋነታችን ላይ ነው። የእኛ ሰው፥ ይልቁንም በዕድሜ የገፋው፥ በለመነው ሰው ፊት «አይሆንም» ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ መስጠት ብቻ አይበቃም፤ እምቢ ማለትን ራሱን ማለማመድ ያስፈልጋል። በክፍሌ ውስጥ እኔ ሌባ እሆናለሁ። አንድ ጊዜ የቴሌ ሠራተኛ ነኝ እላለሁ፥ አንድ ጊዜ የባንክ፥ አንድ ጊዜም የተቸገረ የወንድም ልጅ እሆናለሁ፤ ተማሪውም ቁጥሩን እንዲሰጠኝ እለምነዋለሁ፥ እቈጣዋለሁ፥ አጣድፈዋለሁ። በመጀመሪያው ምሽት ከስድስቱ አራቱ ሰጡኝ! ኋላ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር አስያዝኋቸው፦ «እሺ፥ ራሴ ደውዬ አረጋግጬ እመለሳለሁ።» ይህ ቃል ማንንም አያስቀይምም፤ ሌባውን ግን ያባርረዋል። የሚደወለውም በመልእክቱ ላይ በተሰጠው ቁጥር ሳይሆን፥ ቀድሞ በእጅ በነበረው ቁጥር ነው።

ከዚህም ጋር ሁለት ነገሮችን ከእያንዳንዱ ተማሪ ጋር ተቀምጬ አሠራለሁ። አንደኛው ሁለተኛ የይለፍ ቃል ማስገባት ነው፤ ቴሌግራምም ዋትስአፕም ይህን ይፈቅዳሉ፥ ይህ ካለ ሌባው ያን ቁጥር ቢያገኝም አይገባም። ሁለተኛው በማስተካከያው ውስጥ ሣጥኑ በየትኞቹ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ላይ ክፍት እንደ ሆነ የሚያሳየውን ዝርዝር ማየት ነው። በዚህ ዝርዝር ላይ ከተማሪዎቼ አንዱ ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ የኢንተርኔት ቤት ከፍተው የተዉት የመልእክት ሣጥን እስከዚያ ቀን ድረስ ክፍት መሆኑን አገኙ። በአንዲት ጭነት ዘጉት፤ ላብ ግን በፊታቸው ወርዶ ነበር። የይለፍ ቃልን በወረቀት ጽፎ መያዝ ነውር ነው የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ በቤት ውስጥ ተቆልፎበት የተቀመጠ ወረቀት በጎረቤት ልጅ ራስ ውስጥ ካለ ቃል ይሻላል።

እኒያን የመዝገብ ቤቱን ወይዘሮ ከተውኋቸው ቆየሁ። በዘጠነኛው ሳምንት ለልጃቸው በቴሌግራም ራሳቸው ለመጻፍ ተቀመጡ። በአንዲት ጣት ነው የሚጽፉት፤ ዐርባ ደቂቃ ያህል ፈጀባቸው። በስተመጨረሻ ጠርተው ሲያሳዩኝ ጽሑፉ «ለልጄ፤ ጉዳዩ፦ ደኅንነትሽን ስለ መጠየቅ» ብሎ ይጀምራል። «እትዬ፥ በዚህ እንኳ ጉዳዩ ብለው መጻፍ አያስፈልግዎትም» ብላቸው፥ «ጉዳይ የሌለው ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም» አሉኝ። ከበታቹም ይህን የጻፉት በራሳቸው እጅ መሆኑንና ሌላ ማንም እንደማያነብበው ገልጠዋል። ላኩት። ሰዓቲቱ ጠፋች፤ አንድ ጭረት መጣ። እኔ ወደ ሌሎቹ ተማሪዎች ዞርሁ። ጥቂት ቆይቼ ስመለስ ሁለት ጭረት ሆኖ ነበር፤ ከታችም ረጅም መልስ መጥቶ ነበር፥ ገጹን ሞልቶ የሚወርድ። ወይዘሮይቱ እኔ መቅረቤን ሲያዩ ስልኩን ወደ ደረታቸው መለሱት፤ መነጽራቸውን አስተካክለውም ወደ መስኮቱ ዞሩና ለብቻቸው ማንበብ ጀመሩ። ሌሎቹም ዝም አሉ። በዚያ ምሽት ትምህርቱን ቀደም ብለን ዘጋን።